የባሕር አዕዋፍ አሰያየም፤ ከሚኤሶ እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ

እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ምድር ባቡር ሚኤሶን ከባሕር ጠረፍ ጋር አገናኝቷታል። በዚህ መንገድ ብዙ ዕቃ ከነስሙ ወደ መሀል አገር ገብቷል፤ የጠረፉ አዕዋፍ ግን በአማርኛ በጅምላ «የባሕር ወፍ» እንደ ተባሉ ቀርተዋል። እንደሚታወቀው «ባሕር» የሚለው ቃል ሐይቅንም ይጨምራል፤ ባሕር ዳር የተቆረቆረችው በጣና ዳር ነውና። ከዚህ የተነሣ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የሚታየው ላሩስና በጨው ውኃ ዳርቻ ብቻ የሚኖረው ላሩስ በአንድ ስም ይጠራሉ። በዚህም ተርጓሚው ዝርያን ከዝርያ የሚለይበት ቃል ያጣል።

የቀይ ባሕር ሁለት ላሩሶች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ጀርመናዊው ሄምፕሪክ ከባልደረባው ከኤረንበርግ ጋር በአካባቢው እንስሳትና ዕፅዋት ሲሰበስብ ቆይቶ በ1825 ምጽዋ ላይ ሞተ፤ በ1853 ብሩክ አንዱን ወፍ በስሙ ሰየመለት። ሌላውን በ1825 ሆላንዳዊው ቴሚንክ «ሌውኮፍታልሙስ» ብሎታል፤ በግሪክኛ «ነጭ ዓይን» ማለት ነው። ይሁን እንጂ የወፉ ዓይን ጥቁር ነው፤ ነጩ ከዓይኑ በላይና በታች ያለው የላባ ቅስት ነው። ስሙን ቃል በቃል የተረጐመ ሰው አንባቢውን የሌለ ነገር ያስፈልገዋል።

ሁለቱም ጠቆር ያሉ ስለ ሆኑ ከሩቅ የተነሣ ፎቶግራፍ ያሳስታል። ምንቃሩ ጎልቶ እንዲታይ ከጎን ማንሣት ያሻል። ለአካለ መጠን የደረሰው የሄምፕሪክ ላሩስ ምንቃሩ ወፍራምና ወደ ቢጫ የሚያደላ፥ ወደ ጫፉ ጥቁርና ቀይ ያለበት ነው፤ ራሱም ቡናማ ነው። የሌላው ምንቃር ቀጭን፥ ረዘም ያለና ጠቆር ያለ ቀይ፥ ጫፉ ጥቁር ነው።

ስለዚህ «ነጭ ዓይን» ቀርቶ «ጥንድ ቅስት ላሩስ» ቢባል፥ ሁለተኛውም «የሄምፕሪክ ላሩስ» እንደ ተባለ ቢቆይ እንመርጣለን። ሆኖም ስያሜው ከመጽደቁ በፊት በጠረፉ የሚኖሩ የአፋርኛና የሶማልኛ ተናጋሪዎች ወፉን ምን እንደሚሉት መጠየቅ ይገባል። ኦሮምኛ፥ ሶማልኛና አማርኛ የሚገናኙባት ሚኤሶ ለዚህ ጥያቄ መነሻ ልትሆን ትችላለች፤ ጠያቂው ግን ፎቶግራፉን ይዞ ይሂድ። ስም ብቻ ይዞ የሄደ ስም ብቻ ይዞ ይመለሳልና።