ስለ መሠረት ሥራ ውል፤ ከአሽራፊዬ ኮረብታ እስከ ፍትሐ ብሔራችን

በዚህ የመቶኛ ዓመት መታሰቢያ መጽሐፍ ስለ ጕልላቱ፣ ስለ ቅጥሩና ስለ ሥዕሉ የሚጽፉ ወንድሞች አሉ፤ ስለ መሠረቱ ግን የሚናገር አይገኝም። ምክንያቱም መሠረት ተቀብሮ የሚቀር ሥራ ነው። ግድግዳ ቢጣመም መንገደኛ ሁሉ ያየዋል፤ መሠረት ግን አፈር ከለበሰ በኋላ ጥልቀቱን የሚመሰክር ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ የቤቱ ባለቤትና የሥራ ተቋራጭ ስለ መሠረት የሚዋዋሉት የጽሑፍ ውል ከየት እንደ መጣና ለምን እንደሚያስፈልግ በአጭሩ ለማስረዳት አስበናል። የኢትዮጵያ ነው ካላልን በቀር፣ ዓመቱን የጻፍነው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ውልን መጻፍ ለመጽሐፍ ሰዎች እንግዳ ነገር አይደለም። ነቢዩ ኤርምያስ በዓናቶት ያለውን እርሻ በ17 ሰቅል ብር በገዛ ጊዜ ብሩን በምስክሮች ፊት መዝኖ፣ የታተመውንና የተከፈተውን ጽሑፍ ብዙ ዘመን እንዲቈይ በሸክላ ዕቃ አኑሮታል። በአገራችንም የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት በመጻሕፍቶቻቸው ኅዳግ የርስትና የቤት ሽያጭን ከነዳኛው፣ ከነዋሱና ከነምስክሩ ጽፈው ያቈዩልን ስለዚሁ ነው።

ነገራችንን ከአሽራፊዬ እንጀምራለን። አሽራፊዬ ከቤይሩት በስተ ምሥራቅ ያለች ኮረብታ ስትሆን፣ የአንጾኪያ ኦርቶዶክሳውያን በብዛት የሚኖሩባት፣ በ1878 የመሠረቱት የቅዱስ ጊዮርጊስ ሐኪም ቤትም የሚገኝባት ናት። ከዚህች ኮረብታ በታች ባለው በጥንቱ ከተማ ከ3ኛው እስከ 6ኛው መቶ ዓመት ድረስ በዓለም የታወቀ የሕግ ትምህርት ቤት ነበረ። ቤተ ክርስቲያናችን የምታከብረው ሳዊሮስ ዘአንጾኪያ በ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሕግ የተማረው በዚያ ነው፤ የተጠመቀውም በዚያው ዘመን በትሪፖሊ፣ በሰማዕቱ ለውንድዮስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ንጉሡ ዮስጢንያኖስ የሮምን ሕግ ባሰበሰበ ጊዜ የቤይሩት መምህራን ዶሮቴዎስና አናቶልዮስ ከሰብሳቢዎቹ መካከል ነበሩ።

በዚያ በተሰበሰበው ሕግ ውስጥ በ385 የወጣ አንድ ትእዛዝ ይገኛል። የሕዝብን ሕንጻ እንዲያሠሩ አደራ የተሰጣቸው ሰዎች ሥራው ከተፈጸመ በኋላ እስከ 15 ዓመት ድረስ በጕድለቱ ተጠያቂዎች እንዲሆኑ፣ እነርሱ ቢሞቱም ወራሾቻቸው እንዲጠየቁ ያዝዛል። እንግዲህ የሠሪው ኀላፊነት ዋጋውን በተቀበለበት ቀን እንደማያበቃ የታወቀው ከጥንት ነው። የትምህርት ቤቱ ፍጻሜ ግን አሳዛኝ ሆነ፤ በ551 ታላቅ የምድር መናወጥ ከተማዋን አፈረሰ፤ ከተማሪዎቹም ብዙዎቹ ከፍርስራሹ በታች ቀሩ። ስለ ሠሪ ዕዳ ሲማሩ የነበሩት ሰዎች ሕንጻ ወደቀባቸው።

ትምህርቱ ግን ከሕንጻው ጋር አልወደቀም። የቍስጥንጥንያ ነገሥታት ያንን ሕግ በ9ኛው መቶ ዓመት አሳጥረው አወጡት፤ አጭሩ መጽሐፍ ወደ ዐረብኛ ተመለሰ። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ የነበረው ሊቅ አስ-ሳፊ ኢብን አል-አሳል የሥጋዊውን ፍርድ ክፍል ሲያዘጋጅ ከምንጮቹ አንዱ ይህ ነበረ። የእርሱም መጽሐፍ ወደ ግእዝ ተተርጕሞ ፍትሐ ነገሥት ተባለ። እኛ በጉባኤ ቤት ቍጭ ብለን ፍትሐ ነገሥትን ስንተረጕም ከቤይሩት ምንጭ የተቀዳ ውኃ እየጠጣን እንደ ነበርን የተረዳሁት ከሸመገልሁ በኋላ ነው።

በኋለኛው ዘመንም ሕጉ በሌላ መንገድ ተመልሶ መጥቷል። የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር በ1804 ሲወጣ፣ ቤቱ በመሬቱ ጕድለት እንኳ ቢፈርስ ሠሪው እስከ 10 ዓመት እንዲጠየቅ ደነገገ። በሊባኖስ በቱርክ መንግሥት ዘመን ይሠራበት የነበረው መጀላ የተባለው ሕግም በትእዛዝ የሚሠራ ነገር ዓይነቱና መልኩ በግልጽ እንዲነገር ያዝዝ ነበር። በ1913 የሕግ ትምህርት ቤት እንደገና በቤይሩት ተከፈተ፤ ዛሬም በአሽራፊዬ፣ ዩቭላን በሚባለው መንገድ ይገኛል። በ1932 ፈረንሳዊው ሊቅ ዦስራን ያረቀቀው የሊባኖስ የግዴታና የውል ሕግ ወጣ፤ እርሱም ሕንጻ ሲፈርስ መሐንዲሱንና ተቋራጩን ተጠያቂ ያደርጋል። ሌላው ፈረንሳዊ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የእኛ ፍትሐ ብሔር ደግሞ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. (የኢትዮጵያ) ታወጀ። በቍጥር 3039 ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ 10 ዓመት ስለ ሥራው ደኅንነትና ጽናት ዋስ እንዲሆን፣ ሥራው ያረፈበት የመሬት ጠባይ ለሚያመጣው ጥፋትም እንዲጠየቅ፣ ይህንም ዘመን የሚያሳጥር ውል ዋጋ እንዳይኖረው ያዝዛል።

ይሁን እንጂ ሕግ ብቻውን ቤትን አያቆምም። ጥር 6 ቀን 2004 ዓ.ም. (የኢትዮጵያ)፣ እኛ የጌታችንን የግዝረቱን በዓል በምናከብርበት ዕለት፣ በአሽራፊዬ ፋሱሕ በተባለው ሰፈር ባለ ብዙ ፎቅ አሮጌ ቤት ድንገት ፈርሶ 27 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹም ለእንጀራ የተሰደዱ የሌላ አገር ሰዎች ነበሩባቸው። ከስምንት ዓመት በኋላም በኦገስት 4 ቀን 2020 በወደቡ የደረሰው ፍንዳታ የኮረብታዋን ብዙ ቤቶች አናጋ። ምእመናንን ለማገልገል ወደ ቤይሩት በሄድሁ ጊዜ፣ በአሮጌ የአሸዋ ድንጋይ ቤት ጥግ ለአዲስ ፎቅ ጥልቅ ጕድጓድ ሲቈፈር አይቼ ቆምሁ። የመሠረት ውል በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ እንዳልሆነ በዚያ ተማርሁ፤ ጕድጓዱ ባይደገፍ የሚወድቀው በውሉ ላይ ያልፈረመው የጎረቤት ግድግዳ ነውና።

ይህን ስጽፍ በሌላው ለመፍረድ አይደለም። በጕልማስነቴ የአንድ ገዳም መጋቢ ሳለሁ የመጻሕፍት ዕቃ ቤት እንድናሠራ ተወሰነ። መሬቱ ዋልካ ነበረ። ከአንድ ተቋራጭ ጋር መሠረቱ አራት ክንድ እንዲወርድ በቃል ተስማማን፤ አንድ አረጋዊ አባት «ልጄ፣ ይጻፍ» ቢሉኝ፣ «ሰውን መጠራጠር ነው፤ ቃሉ ይበቃል» ብዬ መለስሁላቸው። ቀብድ ከፈልሁ፤ መሠረቱ ሲሞላም ሄጄ አልለካሁም። በሁለተኛው ክረምት ግድግዳው ተሰነጠቀ፤ ውኃ ገባ፤ ከብራናዎቹም ጥቂቱ ተበላሸ። ቈፍረን ብናይ ጥልቀቱ ሁለት ክንድ ብቻ ነበረ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ እርሱ «ሁለት ነው ያላችሁኝ» አለ፤ እኔ «አራት» አልሁ፤ በመካከላችን የሚፈርድ ፊደል አልነበረም። አረጋዊው አባት የራሱትን ቅጠሎች አንድ በአንድ በፀሐይ ሲያሰጡ አንድ ቃል አልወቀሱኝም፤ ያም ከወቀሳ ሁሉ ይልቅ ከበደኝ። መጻፍ ወንድምን መጠራጠር ሳይሆን ወንድምን ከሐሰት፣ ራስንም ከቂም መጠበቅ መሆኑን ያን ጊዜ ዐወቅሁ።

ስለዚህ የምታንጹ አባቶችና ምእመናን ሆይ፣ ውላችሁ እነዚህን ይያዝ፤ መሬቱ አስቀድሞ በማን እንደ ተመረመረ፤ ጥልቀቱና ስፋቱ በልክ፤ ዐለት ወይም ውኃ ቢገኝ ዋጋው እንዴት እንደሚለወጥ፤ የጎረቤቱን ግድግዳ ማን እንደሚደግፍ፤ ክፍያው በየትኛው ደረጃ እንደሚሰጥ። ከሁሉም በላይ መሠረቱ ከመሞላቱ በፊት ሁለቱም ወገን በአንድነት ለክተው ይፈርሙበት። ውሉም ሁለቱ በሚሰሙት ቋንቋ ተነብቦ ይፈረም፤ ያልተረዱት ፊርማ እንዳልተቈፈረ መሠረት ነውና።

ጌታችን በወንጌል ያመሰገነው ሰው አጥልቆ የቈፈረውን ነው። ጐርፉ እስኪመጣ ድረስ ሁለቱም ቤቶች በዓይን አንድ ነበሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።