«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»

ይህን ተረት ሁላችንም እየሰማነው አድገናል። ዛሬ ተረቱ ከየት እንደ መጣ በትልቁ ዳኛ ወንበር በኩል እንየው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በአገር ቤት የዳኞች ሁሉ አለቃ አፈ ንጉሥ ይባል ነበር። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ የንጉሥ አፍ ማለት ነው። አጤ ምኒልክ በ1907 ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርዱን ሥራ የሰጡት ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1942 በወጣው አዋጅ ፍርድ ቤቶች በየደረጃው ሲቋቋሙ፣ አፈ ንጉሡ የጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት የበላይ ሆነ። ከእሱም በላይ ግን ዙፋን ችሎት ነበረ፤ የመጨረሻው ቃል የጃንሆይ ነው። የ1955ቱ ሕገ መንግሥት ዳኞች በፍርድ ሥራቸው ነጻ ናቸው ቢልም፣ ሿሚያቸው ያው ንጉሡ ነበሩ። እንግዲህ አፍ በባለቤቱ ላይ እንዴት ይፈርዳል?

የእኛ ሰው በመንደሩ በሽማግሌ ይዳኝ ነበር። ችግሩ ከባለርስት ጋር ሲሆን ነው። አብዛኞቻችን ርስት አልነበረንም። ከጎንደር ገጠር ተነስቶ አዲስ አበባ ድረስ «አቤት» ለማለት ስንቅም ጊዜም የሚያውቁት ሰውም ያስፈልጋል። ስለዚህ ብዙው ሰው ተረቱን እየተረተ በደሉን ዋጥ አድርጎ ይቀመጥ ነበር።

አሁን ወዳለንበት አገር እንምጣ። የእስራኤል ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ቤት ሚሽፓት ኤልዮን፣ በ1948 ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሞሼ ዝሞራ ነበሩ። ይህን ወንበር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ብቻውን አይሰጥም፤ ዳኞችን የሚመርጥ ኮሚቴ አለ። ዳኛውም በ70 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል።

ወንበሩ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከዮም ኪፑር ጦርነት በኋላ ታየ። በ1973 መጨረሻ የጦርነቱን ጥፋት የሚመረምር ኮሚሽን ሲቋቋም፣ የሚመሩት ፕሬዚዳንቱ ሺሞን አግራናት ራሳቸው ሆኑ። ጠቅላይ ሚኒስትሯም ጄኔራሎቹም ቀርበው ተጠየቁ። በሚያዝያ 1974 ሪፖርቱ ሲወጣ የጦሩ አለቃ፣ ራማትካሉ፣ ሥልጣኑን ለቀቀ። ጎልዳ ሜየር በሪፖርቱ ጥፋተኛ ባይባሉም፣ የሕዝቡ ቁጣ ስለ በረታ በዚያው ወር ለቀቁ።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ጃንሆይ ከዙፋን ወረዱ። ንጉሡ ሲወርዱ አፉም ዝም አለ። ዛሬ በኢትዮጵያም የወንበሩ ስም ፕሬዚዳንት ነው፤ በ2018 ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነው በፓርላማ ተሾመውበታል።

ይህን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ስንቶቻችን ነን በየቢሮው በደል ሲደርስብን ወረቀቱን አጣጥፈን «መንግሥትን ማን ይከሳል?» ብለን ወደ ቤት የተመለስነው? እዚህ አገር መንግሥት ይከሰሳል። ተራ ሰው እንኳ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ላይ ባጋጽ ማመልከት ይችላል። ሁልጊዜ ይፈረድልናል ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜም አይፈረድልንም ይሆናል። ግን በሩ አለ።

በ2016 ከማኅበረሰባችን ሁለት ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ አገር ዳኞች ሆነው ተሾሙ። በዳኝነት ወንበር ላይ የእኛ ልጆች መቀመጥ ጀምረዋል። እንግዲህ ተረቱን ለልጆቻችን ስንተርት፣ የየትኛው ዘመን ተረት እንደ ሆነም አብረን እንንገራቸው።