ባለ አንድ ማርሽ

ጁላይ 1 ቀን 1903 ከቀትር በኋላ፣ ከፓሪስ ወጣ ብላ በምትገኘው ሞንዥሮን፣ ስሙ «ማንቂያ ደወል» ከሚባል ቡና ቤት ደጃፍ ስድሳ ብስክሌተኞች ተሰለፉ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።) ቱር ደ ፍራንስ የተባለው ውድድር የተወለደው በዚያች ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ ሊዮን ድረስ 467 ኪሎ ሜትር ነበር። ቀኑ መሽቶ፣ ሌሊቱ ነግቶ፣ ሞሪስ ጋረን የተባለው፣ በልጅነቱ የጭስ ማውጫ ጠራጊ የነበረ ሰው፣ 17 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል ሲረግጥ ቆይቶ ቀድሞ ገባ። በስድስት ምዕራፍ 2,428 ኪሎ ሜትር ተሄዶ ሲያበቃ ከስድሳዎቹ የቀሩት 21 ብቻ ነበሩ። ድሉም የጋረን ሆነ።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔን የሚይዘኝ ግን ብዙም የማይነሳው ነገሩ ነው፤ ሰዎቹ ያን ሁሉ መንገድ የሄዱት በአንድ ማርሽ መሆኑ።

ነገሩን በቅጡ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያሻል። ካርል ፎን ድራይስ በ1817 በጀርመን ማንሃይም ያሳየው ባለ ሁለት እግር መሣሪያ ፔዳል የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ሰውየው ተቀምጦ መሬቱን በእግሩ እየገፋ ይሄድ ነበር። በ1860ዎቹ ፓሪስ ላይ ፔዳል ከፊተኛው ጎማ መሐል ተገጠመ። ከዚያ ወዲያ ፍጥነት የሚሻ ሰው አንድ መላ ብቻ ነበረው፤ ጎማውን ማሳደግ። አንድ ጊዜ ሲረገጥ ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራልና፣ ረጅም መንገድ በአንድ እርግጫ ለመሄድ ትልቅ ጎማ ያስፈልጋል። ስለዚህ የፊተኛው ጎማ እስከ ሰው ደረት ድረስ አደገ። ወሰኑም የጋላቢው የእግር ርዝመት ሆነ። አጭር ሰው ቀርፋፋ ሆኖ እንዲኖር የተፈረደበት ዘመን ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚህ ፍርድ ያወጣን ካቴና ነው። ጆን ኬምፕ ስታርሊ በ1885 በእንግሊዝ ኮቨንትሪ የሠራው «ሮቨር» ሁለት እኩል ለመሆን የተቃረቡ ጎማዎች ነበሩት፤ ፔዳሉ ከመሐል ሆኖ የኋላውን ጎማ በካቴና ይስባል። ዛሬ በየመንገዱ የምናየው ብስክሌት የዚያ ልጅ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ደንሎፕ ቤልፋስት ላይ በአየር የሚነፋ ጎማ ጨመረለት። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ፣ ጨክኜ ልናገርና፣ ማስተካከያ ነው።

የካቴናው ምሥጢር የጥርስ ቁጥር ነው። የእኔ ብስክሌት ከፊት 44፣ ከኋላ 16 ጥርስ አለው። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር የኋላው ጎማ ሁለት ጊዜ ከሦስት አራተኛ ይዞራል፤ የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ያህል ስለሆነ በአንድ ዙር ከአምስት ሜትር ተኩል በላይ እሄዳለሁ። በዚህ ሒሳብ ያ የሞንዥሮንና የሊዮን መንገድ ቢሰላ ከ80 ሺህ በላይ የፔዳል ዙር ይሆናል። (የባንክ ሠራተኛ በመሆኔ ቁጥር ሳይ እጄ ወደ ማስያው ይሄዳል፤ ይታለፈኝ።) በዚያ ዘመን በብዙዎቹ ብስክሌቶች ፔዳሉና ጎማው በአንድ ላይ የታሰሩ ስለነበሩ ደግሞ በቁልቁለት እንኳን እግርን ማሳረፍ አይቻልም። ጎማው እስከዞረ ድረስ እግር ይዞራል።

አንድ ማርሽ ማለት እንግዲህ አንድ ቁጥር መርጦ ከዚያ ቁጥር ጋር መኖር ነው። ለሜዳ የተመረጠ ለዳገት ይከብዳል፤ ለዳገት የተመረጠ በሜዳ ላይ ከንቱ መፍተርተር ይሆናል። ኋላ ላይ የኋላው ጎማ በግራና በቀኝ የተለያየ ጥርስ እንዲኖረው ተደረገ። ብስክሌተኛው ተራራ ሥር ሲደርስ ይወርዳል፤ ብሎኑን ያላላል፤ ጎማውን ነቅሎ ያገላብጣል፤ ካቴናውን ይወጥራል፤ ይወጣል። አናቱ ላይ ሲደርስ እንደገና ይወርዳል፣ እንደገና ያገላብጣል። በብርድ የደነዘዘ ጣትና የዛገ ብሎን ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ለመገመት ታሪክ አዋቂ መሆን አያስፈልግም።

ሌላ መንገድ አልነበረም እንዳይባል፣ ነበረ። በፈረንሳይ ሴንት ኤትየን ከተማ ፖል ደ ቪቪ የተባለ፣ በብዕር ስሙ «ቬሎስዮ» እየተባለ የሚታወቅ ሰው፣ ብስክሌት በጉዞ ላይ እያለ ማርሽ መቀየር እንዲችል ሲሞክር፣ ሲጽፍ፣ ሲሟገት ኖሯል። በእንግሊዝ ኖቲንግሃም የስተርሚና አርቸር ባለ ሦስት ማርሽ የጎማ እምብርት ገበያ ላይ ወጥቷል። በ1902 የፈረንሳይ ቱሪንግ ክለብ ባዘጋጀው የተራራ ፈተና ላይ ደግሞ ማርት ኤስ የተባለች ሴት በባለ ሦስት ማርሽ ብስክሌት፣ ባለ አንድ ማርሹን የታወቀ ወንድ ተወዳዳሪ እንደቀደመች የብስክሌት ታሪክ ጸሐፊዎች ይተርካሉ። እግሯ መሬት ሳይነካ ወጣች ይላሉ።

ለዚህ ምላሽ የሰጠው አንሪ ዴግራንዥ ነው። ዴግራንዥ «ሎቶ» የተባለው ጋዜጣ አዘጋጅ፣ የቱር ደ ፍራንስም አባት ነው። እርሱ ራሱ ተራ ሰው አልነበረም፤ በ1893 ፓሪስ ላይ በአንድ ሰዓት 35.325 ኪሎ ሜትር ሄዶ የመጀመሪያውን እውቅና ያገኘ የሰዓት ክብረ ወሰን ያስመዘገበ ብርቱ ብስክሌተኛ ነበር። ከዚያ በፊት የሕግ ቢሮ ጸሐፊ ሳለ ባቱን ገልጦ በብስክሌት ሲሄድ ታየ ተብሎ ከሥራ እንደተሰናበተም ይነገራል፤ እንደ አንድ የቢሮ ጸሐፊ ለሌላው ይህን ሳነብ አዘንኩለት። ሐዘኔ ግን ሩቅ አልሄደም። የማርሹን ነገር ሲጽፍ፣ ተለዋዋጭ ማርሽ ዕድሜያቸው ከአርባ አምስት ላለፈ ሰዎች ነው የሚል ሐሳብ ሰነዘረ። በጡንቻ ማሸነፍ በብልሃት ከማሸነፍ ይበልጣል ማለቱ ነበር። ቃሉም ሕግ ሆነ፤ ከጥቂት የተለዩ አጋጣሚዎች በቀር በውድድሩ ላይ ማርሽ መቀየሪያ እስከ 1937 ድረስ አልተፈቀደም።

እዚህ ላይ አንድ የቀን ገጠመኝ አለ። ዴግራንዥ የተወለደው በጃንዋሪ 1865 ነው። አርባ አምስት ዓመት የሞላው፣ ማለትም በራሱ ሚዛን ማርሽ የተፈቀደለት ሰው የሆነው፣ በ1910 ነው። ውድድሩ ታላላቆቹን የፒሬኔ ተራሮች፣ ቱርማሌን 2,115 ሜትር፣ ኦቢስክን 1,709 ሜትር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲሻገር የተደረገው በዚያው ዓመት ነው። አንድ ቀን፣ 326 ኪሎ ሜትር፣ የድንጋይና የጭቃ መንገድ። ኦክታቭ ላፒዝ ብስክሌቱን እየገፋ በእግሩ ከወጣ በኋላ አዘጋጆቹን ባየ ጊዜ ነፍሰ ገዳዮች ብሎ ሰደባቸው። ዴግራንዥ በስፍራው አልነበረም። ላፒዝ ያን ውድድር አሸነፈ፤ ከሰባት ዓመት በኋላ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የጦር አውሮፕላን ሲያበር ሞተ።

በ1913 የሆነው ደግሞ ይብሳል። ኡዤን ክሪስቶፍ በቱርማሌ ቁልቁለት ላይ የፊተኛው ጎማ መያዣ ሹካ ተሰበረበት። ደንቡ ሌላ ብስክሌት መቀበልንም የሰው እርዳታንም ስለሚከለክል፣ ብስክሌቱን ተሸክሞ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ወረደ፤ ሴንት ማሪ ደ ካምፓን መንደር ደርሶ ከአንጥረኛ ቤት ገባ። አንጥረኛው ቆሞ ሲያይ፣ ዳኞቹ ቆመው ሲመለከቱ፣ ክሪስቶፍ በገዛ እጁ ብረቱን አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ በየደው። ሁለት እጅ ብቻ ስለነበረው ወናፉን አንድ ትንሽ ልጅ ነፋለት። በዚህም ተቀጣ፤ እርዳታ ተቀብለሃል ተብሎ ደቂቃ ተጨመረበት። እኔ ይህን ታሪክ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የሚያሳዝነኝ የተሰበረው ሹካ አይደለም፤ ከእሳቱ አጠገብ ቆመው የወናፉን ንፋስ የቆጠሩት ሰዎች ናቸው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው አንድ ማርሽን ጠልቼ እንዳይመስል። እኔ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ከተማዋ ሜዳ ናት፤ ብስክሌትም የከተማዋ የቆየ ባልንጀራ ነው፤ ዛሬ ባጃጅ መንገዱን ቢያጣብበውም። ከቤቴ እስከ ባንኩ ድረስ የዘንባባውን ጥላ ተከትዬ በባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት እመላለሳለሁ። የሚቀየር ነገር ስለሌለ የሚታሰብ ነገር የለም፤ ስለዚህ ሌላ ነገር ይታሰባል። ከግጥሞቼ የሚበዙት የተጀመሩት በዚያ መንገድ ላይ ነው። ግጥም ለሚወድ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ የወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም ቆጥሮ በአሥራ ሁለት ይመታል፣ ሰንጎ መገን አምስት አምስት ብሎ በአሥር ይመታል። ገጣሚው ልኩን አንዴ ይመርጣል፤ ከዚያ ወዲያ ልኩ ይመራዋል። በ16 ጥርስ የሚገጠምና በ18 ጥርስ የሚገጠም ስንኝ አንድ አይደለም ብል የሚስቅብኝ ብስክሌት ነድቶ የማያውቅ ነው።

ቃላቱም ይጥሙኛል። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካቴና፣ ጎሚስታ፣ ካምቢዮ። ጣልያን ይዞት የመጣው ጦር ተመልሶ ሲሄድ ቃላቱ ከመካኒኮቻችን እጅ ቀርተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ለእኔ ብስክሌት የማያስፈልገው ካምቢዮ ብቻ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ሲወጣ ነው። ዓባይን ቁልቁል የሚያየው የንጉሡ ቤተ መንግሥት ያለበት ነው፤ ለእሑድ ልምምድ እወጣዋለሁ፣ ወይም ልወጣ እሞክራለሁ። አንድ እሑድ ከዳገቱ ወገብ ላይ ወርጄ ስገፋ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው በአሮጌ ፎኒክስ ላይ አራት ጀሪካን ጭነው እርሳቸውም እየገፉ አገኘኋቸው። ጎን ለጎን ሄድን። ብስክሌቴን አገላብጠው ካዩ በኋላ፣

«የኔ ልጅ፣ ይኼ ማርሽ የለውም እንዴ?» አሉኝ።

«የለውም ጋሼ። አንድ ነው።»

«አጥተህ ነው?»

«አይ፣ ወድጄ ነው።»

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ጀሪካኖቹን በእጃቸው መታ መታ አድርገው፣ «እኔ ባለ ማርሽ ባገኝ ይኼን አወጣው ነበር» አሉ፤ ቅሬታም ፌዝም አልነበረበትም፣ እንደ ሒሳብ ነው የተናገሩት። ጀሪካኑን ከኋላ እየደገፍኩ አናቱ ድረስ አደረስናቸው።

ከዚያ ወዲህ ስለ አንድ ማርሽ የሚጻፈውን ውዳሴ የማነበው በሌላ ዓይን ነው። መቼም በዚህ ዘመን ውዳሴው በዝቷል፤ ከኒው ዮርክ መልእክት አድራሾች ጀምሮ በየትልልቁ ከተማ ያሉ ወጣቶች ባለ አንድ ማርሽን የንጽሕና ምልክት አድርገውታል። ውበቱን አልክድም። ፊሊፖ ጋና በ2022 ስዊዘርላንድ ግሬንሸን ላይ በአንድ ሰዓት 56.792 ኪሎ ሜትር የሄደውም በአንድ ማርሽ ነው፤ በተዘጋ ሜዳ፣ ዳገት በሌለበት፣ ቁጥሩን ከባለሙያዎቹ ጋር መክሮ መርጦ። ላፒዝ ግን አልመረጠም። ክሪስቶፍ አልመረጠም። ባለ ጀሪካኑ አባት አልመረጡም። ዴግራንዥ ያወደሰው ብርታት የሌላ ሰው እግር ብርታት ነበር፤ እርሱ በዚያን ጊዜ የሚቀመጠው በብስክሌት ኮርቻ ላይ ሳይሆን በጋዜጣ ጠረጴዛ ኋላ ነው። በአንድ ማርሽ ውስጥ የማየው ነጻነት፣ ሁለተኛው ማርሽ ከሱቁ ተሰቅሎ እየጠበቀኝ፣ ደመወዜም እየደረሰለት የሚገኝ ነጻነት ነው። ያ ሲጎድል ስሙ ሌላ ነው።

ቬሎስዮ የለፋበትን ነገር በታላቁ ውድድር ላይ ሳያይ በ1930 ሴንት ኤትየን ውስጥ ትራም ገጭቶት ሞተ። ዴግራንዥ በ1936 በሕመም ምክንያት ሥራውን ለዣክ ጎዴ ለቀቀ። በቀጣዩ ዓመት ማርሽ መቀየሪያ ተፈቀደ፤ ሮዤ ላፔቢም በእርሱ ነድቶ አሸነፈ። ዴግራንዥ ያኔ የሰባ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ነበር፤ ሦስት ዓመት ኖሮ አረፈ። ውድድሩ አልረከሰም። ተራራውም አላጠረም። የእኛው ጽጋቡ ገብረማርያም ግርማይ በ2016 ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚ ሆኖ በዚያ ውድድር ላይ ሲሰለፍ ብስክሌቱ ማርሽ ነበረው፤ ዳገቱም ዳገት ነበር።

የእኔን በተመለከተ፣ ባለፈው ወር ሳይክል ሠሪው ዘንድ ሄጄ የኋላውን 16 ጥርስ አውጥቶ 18 እንዲያስገባልኝ ጠየቅሁት። በአንድ ዙር የምሄደው አምስት ሜትር ከጥቂት ሆነ። በሜዳው ላይ ባጃጆቹ ብቻ ሳይሆኑ ተማሪዎቹም ይቀድሙኛል። በቤዛዊት ግን ከወገቡ በላይ እስከ ትልቁ ዋርካ ድረስ ሳልወርድ ደረስኩ፤ ከዋርካው በላይ ያለው ገና ነው።

ቸር ያሰንብተን።