ከሕመሙ ብርታት ወደ ሕመሙ ቀናት፦ የዕለት ተዕለት ማይግሬን ሕክምና ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ስለ ሕክምና ታሪክ ቢሆንም መነሻው አንዲት ቀላል ጥያቄ ናት። ራሱን የሚያመው ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ለረጅም ዘመን ሲጠየቅ የኖረው «ምን ያህል ያምሃል?» ተብሎ ነው። «በወር ውስጥ ስንት ቀን ያምሃል?» የሚለው ጥያቄ ክብደት ያገኘው እጅግ ዘግይቶ ነው። ማይግሬን በየዕለቱ ለሚያሠቃያቸው ሰዎች የሚታመን እፎይታ መገኘት የጀመረው ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ቦታ ካገኘ በኋላ መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ። ዓመታቱን የምጠቅሰው በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሕመሙ ጥንታዊ ነው። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪም ጋሌን «ሄሚክራኒያ»፣ ማለትም «ግማሽ ራስ» ሲል ጠርቶታል፤ ማይግሬን የሚለው ስምም ከዚሁ ቃል የተገኘ ነው። ስሙ ሕመሙ የት እንደሚሰማ ይናገራል፤ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ግን አይናገርም።

የሚመላለሰው ሕመም ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝ እንሻገር። ፈላስፋዋ አን ኮንዌይ (1631–1679) ከልጅነቷ እስከ ዕለተ ሞቷ በከባድ ራስ ምታት ስትሠቃይ ኖራለች። የደም ዝውውርን ያስረዳው ዊልያም ሃርቪና የአንጎልን አካል በመመርመር ስሙ የገነነው ቶማስ ዊሊስ ከሐኪሞቿ መካከል ነበሩ። ሜርኩሪ ወሰደች፤ የራስ ቅሏን ለማስከፈት ወደ ፈረንሳይ ተጓዘች፤ በዚያም የራስ ቅሉ ቀርቶ የደም ቧንቧዋ ተከፈተ። ዋግምትን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አድማጭ ሕመምን ከደም ጋር ለማስወጣት መሞከር እንግዳ አሳብ አይደለም። በእጅ ዳሰሳ ይፈውሳል የተባለ ሰውም ከአየርላንድ ተጠርቶ መጣላት፤ እርሱም አልሆነለትም። ዊሊስ ስሟን ሳይጠቅስ ታሪኳን ሲጽፍ መድኃኒቶቹ ሁሉ እንዳልረዷት አልደበቀም። የዘመኑ ታላላቅ ሐኪሞች በአልጋዋ አጠገብ ነበሩ፤ በእጃቸው ግን ለዚህ ሕመም የሚሆን መድኃኒት አልነበረም።

ለማይግሬን ተለይቶ የዋለው የመጀመሪያው ዘመናዊ መድኃኒት የተገኘው ከመርዝ ነው። ኤርጎት የሚባለው ፈንገስ ራይ በተባለው የስንዴና የገብስ ዘመድ ላይ ጥቁር ቀንድ መስሎ ይበቅላል። የደም ቧንቧን አጥብቆ ስለሚያኮማትር፣ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የተበከለ ዳቦ የበሉ ሰዎች እጅና እግራቸው እየጠቆረ ይቆረጥ ነበር፤ መቅሠፍቱንም «የቅዱስ እንጦንስ እሳት» ይሉት ነበር። ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በ1977 እና 78 በወሎ፣ የተበከለ ሲናር ከእህሉ ጋር ተቀላቅሎ በመበላቱ ሰዎች በጋንግሪን ታመዋል፣ ሞተዋልም፤ በ2001 ደግሞ በአርሲ ገብስ ተበክሎ ተመሳሳይ ጉዳት ደርሷል።

ከዚህ ፈንገስ ኤርጎታሚን የተባለውን ንጥረ ነገር በ1918 ለይቶ ያወጣው በባዝል ከተማ በሳንዶዝ ኩባንያ ይሠራ የነበረው አርተር ስቶል ነው። በ1920ዎቹ ለማይግሬን መሰጠት ጀመረ። በ1938 ጆን ግራሃምና ሃሮልድ ዎልፍ ኤርጎታሚን ሲሰጥ ከግንባር ዳር ያለው የደም ቧንቧ ትርታ እየቀነሰ፣ ሕመሙም አብሮ እየበረደ እንደሚሄድ መዝግበው አሳዩ። ወሎ ውስጥ እግር ያሳጣው ኃይል በተመጠነ መጠን ሲሰጥ ራስ ምታትን አስታገሠ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የድል ታሪክ በሆነ ነበር። በ1951 ግን ፒተርስና ሆርተን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ኤርጎታሚንን አዘውትረው የሚወስዱ ሕሙማን ራስ ምታታቸው እየበዛ እንደሚሄድ ጻፉ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሊ ኩድሮውና ኒናን ማቲው ምልከታውን አሰፉት፦ አልፎ አልፎ ይመጣ የነበረው ማይግሬን በዓመታት ውስጥ ወደ ዕለታዊ ሕመም ሊለወጥ ይችላል፤ የማስታገሻ ብዛትም ከለውጡ መንሥኤዎች አንዱ ነው። ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ትሪፕታን ወይም ኤርጎታሚን ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር በሚበልጥ ጊዜ ሲወሰድ መድኃኒቱ ራሱ የሕመሙ አካል ሊሆን እንደሚችል ዛሬ ይታወቃል። ሕመምተኛውን በዚህ መውቀስ አይገባም። ጠዋት ሥራ መግባት ያለበት ሰው የታዘዘለትን ክኒን ቢውጥ ምን ይፈረድበታል? ጉድለቱ ሕክምናው የአንዱን ቀን ሕመም ብርታት እየለካ የወሩን ቀናት አለመቁጠሩ ነው።

መከላከያ መድኃኒቶችም በአብዛኛው የተገኙት ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው። ጣሊያናዊው ሲኩቴሪ በ1959 ያስተዋወቀው ሜቲሰርጃይድ ብዙዎችን ቢረዳም በሆድ ዕቃ ጀርባ ጠባሳ መሰል ሕብረ ሕዋስ ማብቀሉ ታወቀ። ፕሮፕራኖሎል ለልብ ሕመም ሲሰጥ በ1966 የአንዳንድ ሕሙማን ማይግሬን እንደቀለለ ተስተዋለ። አሚትሪፕቲሊን የመጣው ከድብርት ሕክምና ነው። ቦቶክስ ደግሞ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለፊት መሸብሸብ የተወጉ ሰዎች «ራስ ምታቴም ተወኝ» ብለው ለሐኪማቸው በመንገራቸው ታሰበ። ባለሙያ ሕመምተኛውን አምኖ ሲያዳምጥ ግኝቱ ከዚያ ወጥቷል።

ወሳኙ እርምጃ ግን መለኪያው ነበር። በ1988 የወጣው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የራስ ምታት ምደባ ሥር ለሰደደ ማይግሬን ስም አልሰጠውም፤ ስሙ የገባው በ2004 በወጣው ሁለተኛ እትም ነው። ዛሬ ሥር የሰደደ ማይግሬን የሚባለው በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ለሚበልጥ ጊዜ ራስ ሲያምና ከእነዚያ ቀናት ቢያንስ ስምንቱ የማይግሬን ጠባይ ሲኖራቸው ነው። ስም ሲገኝ ሙከራ ማድረግ ተቻለ። በ2010 በታተሙት የቦቶክስ ጥናቶች ድምር ውጤት መሠረት በ24 ሳምንት ውስጥ መድኃኒቱን የተወጉት የራስ ምታት ቀናታቸው በወር በ8.4፣ ባዶ መርፌ የተወጉት ደግሞ በ6.6 ቀንሷል። ልዩነቱ ከሁለት ቀን ያነሰ ነው። ይህን ቁጥር ሳያጋንኑም ሳይንቁም ማንበብ የእናንተ የተማሪዎች ሥራ ነው፤ በዓመት ሲደመር ከሃያ በላይ ቀናት ማለት ነውና።

የመጨረሻው ምዕራፍ በዕድል የተገኘ አይደለም። ጎድስቢና ኤድቪንሰን በ1990 በማይግሬን ጊዜ ሲጂአርፒ የተባለው ንጥረ ነገር ከራስ በሚመለሰው ደም ውስጥ እንደሚጨምር አሳዩ። የዚህንኑ ንጥረ ነገር ሥራ የሚያግደው የመጀመሪያው የመከላከያ መርፌ ኤሬኑማብ በ2018 ተፈቀደ። ከፍንጩ እስከ መርፌው 28 ዓመት ፈጅቷል።

ይህ ሁሉ ለአገራችን ምን ይላል? በ2016 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው ከኢትዮጵያ ጎልማሶች መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ 17.7 በመቶው ማይግሬን ያገኛቸዋል፤ 3.2 በመቶው በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ራሳቸውን ያማቸዋል። አዲሶቹ መርፌዎች ውድ ናቸው። ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን ግን ርካሽና የቆዩ መድኃኒቶች ናቸው፤ አስም ላለበት ሰው ፕሮፕራኖሎል እንደማይሆን ሁሉ ሁለቱም የሐኪም ምርጫ ይሻሉ። የማስታገሻን ብዛት በሐኪም ክትትል መቀነስም እንዲሁ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሕመም ቀናትን መመዝገብ ደግሞ ደብተርና እርሳስ እንጂ ሌላ ወጪ የለውም።

አን ኮንዌይን የከበቧት ሐኪሞች ዕውቀት አልጎደላቸውም ነበር፤ ሕመሟንም አልካዱም። ያልነበራቸው መድኃኒትና አንዱን ሕክምና ከሌላው የሚያመዛዝኑበት መለኪያ ነው። ዛሬ ሁለቱም አሉ። ነገ በየጤና ጣቢያው የምትመደቡ ተማሪዎች «ራስ ምታት ነው፣ ያልፋል» ከማለታችሁ በፊት ስንት ቀን እንደሆነ ጠይቁ፤ መልሱንም ጻፉት።