ሁለት ፊደል በአንድ ጠረጴዛ፦ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች በሲሬ ጸሐፊ ዓይን

ስለ ኮምፒዩተር ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች የሚደረገው ክርክር ዘወትር የሚጀመረው ከፍጥነትና ከመልክ ነው። ዊንዶውስ የተለመደ ነው፣ ማክ ያምራል፣ ሊኑክስ ያለ ክፍያ ይገኛል ይባላል። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ባኮ ታልፋ በምትገኘው በሲሬ ከተማ ግን የጽሕፈት ሥራ የያዘ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ሌላ ነው። ይኸውም ማሽኑ የትኛውን ፊደል ያውቃል የሚለው ነው።

በወለጋ ምድር ቋንቋና ፊደል ተለያይተውም ተዛምደውም ኖረዋል። ኦነሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ ረዳትነት ወደ ኦሮምኛ የመለሰው መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ሲታተም የተጻፈው በግእዝ ፊደል ነበር። ከዘጠና ዓመታት በኋላ፣ በጥቅምት 1984 ዓ.ም.፣ ለአፋን ኦሮሞ ቁቤ የተባለው የላቲን ፊደል ተመረጠ። ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ደግሞ አማርኛን የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ አድርጎ፣ ክልሎች የየራሳቸውን እንዲወስኑ ፈቀደ። ዊንዶውስ 95 ለገበያ የቀረበው ከዚያ በሦስተኛው ቀን፣ ነሐሴ 18 ነው። ሁለቱን ያገናኘ ሰው በዚያን ጊዜ አልነበረም። ሆኖም ውለው አድረው ወደ ነቀምት በቁቤ፣ ወደ ፌዴራል መሥሪያ ቤት በአማርኛ በሚጽፍ አንድ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ።

ለቁቤ የተለየ ፕሮግራም አላስፈለገውም፤ ሁዻ የምትባለው የማቋረጫ ምልክት እንኳ በማንኛውም የእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ ትገኛለች። የአማርኛው ነገር ግን ከበድ ያለ ነበር። የዚያን ጊዜ አንድ ፎንት ከ256 የበለጠ ቦታ አልነበረውም፤ ከዚያም ከፊሉ ለማሽኑ ለራሱ ትእዛዝ የተጠበቀ ነበር። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በየሰባት ሆሄያቸው 231 ይሆናሉ። እነ ቋና ጓ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲታከሉበት ቦታው አይበቃም። ስለዚህ እንደ ፓወር ግእዝና እንደ ቪዥዋል ግእዝ ያሉት ፕሮግራሞች በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ የግእዙን መልክ አስቀመጡ፤ የተረፈውንም በተጨማሪ ፎንት ሞሉ። ብልሃቱ የሚደነቅ ነው። ጉዳቱ የታወቀው ደብዳቤው በፍላሽ ተይዞ ፎንቱ ወደሌለበት ማሽን ሲሄድ ነበር፤ ጽሑፉ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል።

እነዚህ ፕሮግራሞች የተሠሩት ለዊንዶውስ ነበር። እንግዲህ የአገራችን ተጠቃሚ ዊንዶውስን አወዳድሮ መረጠው ማለት ይከብዳል፤ አማርኛው ያለው እዚያ ስለ ነበረ ተከተለው ቢባል ይሻላል። ዋጋውንም ከፍሏል። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ፍላሽ እንደ ተሰካ በራሱ የሚነሣው ቫይረስ ማኅደሮችን ደብቆ በምትካቸው አሳሳች ምልክት ይተው ነበር። ያንኑ ፍላሽ በሊኑክስ ማሽን ላይ የከፈተ ሰው ጠፋ የተባለውን ጽሑፍ በቦታው ያገኘዋል። የማክ ነገር በአጭሩ የዋጋ ነገር ነው፤ የሚጠግነው ባለሙያ ከዋና ከተማ ውጭ መገኘቱም ያጠራጥራል።

ሚዛኑን የለወጠው ዩኒኮድ ነው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው እትሙ ገብቶ ለእያንዳንዱ ሆሄ የማይለወጥ ቁጥር ተሰጠው። ይሁንና ቁጥሩ ከተሰጠ በኋላም ኤክስፒ የግእዝ ፎንት ስላልነበረው፣ ተጠቃሚው ፎንቱን ራሱ ካልጫነ በቀር የሚያየው ባዶ ሣጥን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ ሰሌዳ ይዞ ወጣ። ማክ ከዚያ በኋላ ከፋ የተባለውን ጨመረ፤ በሊኑክስም አቢሲኒካ ያለ ክፍያ ይገኛል። በፊደል ረገድ ሦስቱ እኩል ሆኑ ማለት ነው።

ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ የጥበቃ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ሲያበቃ፣ ብዙ አሮጌ ማሽኖች የዊንዶውስ 11ን መስፈርት ሳያሟሉ ቀሩ። ሊኑክስ ለእነዚህ የተሻለ መጠጊያ ነው፤ ቁቤውም ግእዙም ይጻፍበታል። አስቸጋሪው በዲስኩ ውስጥ ያለው የቆየ ጽሑፍ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በቁቤ የተጻፈ ደብዳቤ በየትኛውም ሲስተም ቢከፈት ይነበባል። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ሰሌዳ፣ ምናልባትም በዚያው እጅ የተጻፈው አማርኛ ግን የጥንቱን ፎንት ወይም ወደ ዩኒኮድ የሚመልስ ፕሮግራም ይፈልጋል። ዲስኩን አጥፍቶ አዲስ ሲስተም የሚጭን ባለሙያ በቅድሚያ የፎንቶቹን ማኅደር ሊቀዳ ይገባዋል፤ እነዚያ ከጠፉ በላቲን ዝብርቅርቅ ውስጥ የተደበቀውን አማርኛ ፈልቅቆ ማውጣት እጅግ አድካሚ ሥራ ይሆናል።