የላስቲክ ቤት አፈርና ውሃ ይጠብቃል ወይ? ስለ «ሃይ ተነል» ማወቅ የሚገባን

ከካኩማ ወደ ሚኒሶታ ከመጣሁ በኋላ ከጓደኞቼ ጋር በተከራየነው መሬት ላይ ጎመን፣ ቃሪያና ቲማቲም አመርታለሁ። ከካምፕም ከዚህም «ያ የላስቲክ ቤት የእውነት ይጠቅማል?» የሚል ጥያቄ ይደርሰኛል። ያየሁትን ላካፍላችሁ።

ምንድን ነው?

ሃይ ተነል በቅስት የብረት ቱቦ ላይ ላስቲክ ተወጥሮበት የሚሠራ፣ ሰው ቆሞ የሚሠራበት ቤት ነው። እንደ ግሪን ሃውስ ማሞቂያ የለውም፤ የሚያሞቀው ፀሐይ ነው። ሲግል ደግሞ የጎኑን ላስቲክ ጠቅልለን ወደ ላይ እናነሳለን። ሰብሉ የሚተከለው እዚያው መሬቱ ላይ ነው። በውርጭ አገር የምርቱን ወቅት ከፊትም ከኋላም በሳምንታት ያራዝማል።

የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ላይ የዚህን ቤት የተፈጥሮ ሀብት ጥቅም ለመፈተሽ የሦስት ዓመት ሙከራ አስታውቆ ነበር። አሁንም ኢክዊፕ በተባለው ፕሮግራም ከወጪው የተወሰነውን ይከፍላል።

ጥቅሙ

ዝናብ ስለማይመታው አፈሩ አይሸረሸርም፤ ማዳበሪያውም ታጥቦ ወደ ጉድጓድ ውሃ አይወርድም። ቅጠሉ ደረቅ ስለሚሆን ብዙ የሻጋታ በሽታ ይቀንሳል፤ የመድኃኒት ርጭትም እንዲሁ። የጠብታ መስኖ ከተዘረጋበት ውሃው ሥሩ ላይ ብቻ ያርፋል።

ጉዳቱ

እዚህ ላይ ነው እኔ የተሞኘሁት። በየዓመቱ ፍግ በላይ በላዩ ጨመርኩ። በሦስተኛው ዓመት አፈሩ ላይ ነጭ ነገር ወጣ፣ የቃሪያው ቅጠል ጠርዙ ተቃጠለ። በሽታ መስሎኝ ነበር፤ የአፈር ምርመራው ግን «ጨው ነው» አለ። ለካ ማዳበሪያውን እንዳይታጠብ ያደረገው ጣሪያ ጨውንም አጠራቅሞታል! ፍጉን ቀነስኩ፤ ላስቲኩ የሚቀየርበት ጊዜ ስለደረሰ ክረምቱን ገልጬ በረዶና ዝናብ እንዲያጥበው ተውኩት። ከዚያ በኋላ ተሻለው።

ሁለተኛው የጣሪያው ውሃ ነው። 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 5,000 ሊትር ነው። መውረጃ ካልተበጀለት የውጪውን መሬት ይቦረቡራል፤ በበርሜል ከተያዘ ግን ሀብት ነው። ሦስተኛ፣ ላስቲኩ በአራት ዓመት ገደማ አርጅቶ ቆሻሻ ይሆናል። ክሽክሽና ቀይ ሸረሪትም ሙቀቱን ይወዱታል።

እንዴት እንመዝነው?

ደብተር ያዙ። ከቤቱ ውጪ ያንኑ ሰብል በትንሽ መደብ ትከሉና አወዳድሩ፦

- በሳምንት ስንት ሊትር ውሃ ጠጣ?
- ስንት ጊዜ ረጫችሁ?
- የመጀመሪያውና የመጨረሻው ምርት መቼ ተለቀመ?
- በየዓመቱ የአፈር ምርመራው ስለ ጨውና ስለ ፎስፈረስ ምን አለ?

ምርት ጨምሮ አፈሩ ከተበላሸ ጥቅም አይባልም።

ካምፕ ላላችሁ

ካኩማ ቀኑ ከ35 ዲግሪ በላይ ይሄዳል። እዚያ ላስቲክ ማልበስ ሙቀት መጨመር ነው፤ የቲማቲም አበባም ይረግፋል። ለእናንተ የሚሻለው የጥላ መረብ፣ የሣር ጉዝጓዝና የጠብታ መስኖ ነው።

አሜሪካ ላላችሁ

እርዳታውን የምትፈልጉ መጀመሪያ በአካባቢያችሁ ያለውን የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ አገልግሎት ቢሮ አነጋግሩ። መሬቱ የኪራይ ከሆነ የኪራይ ውሉን ያዙ። ከሁሉ በላይ ግን አደራ፦ ከቢሮው ጋር ውል ሳትፈርሙ ቤቱን አትግዙ፣ ግንባታም አትጀምሩ። ቀድሞ የተጀመረ ሥራ ክፍያ ሊከለከል ይችላል። አንድ ወዳጄ ቸኩሎ ገዝቶ ወጪው በሙሉ ከኪሱ ቀርቷል።

ላስቲኩ ብቻውን አፈር አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ገበሬው ነው። መልካም ምርት!