ኮኦርዲኔት ኮቫለንት ትስስር

ሁለት አቶሞች የሚጋሩትን ጥንድ ኤሌክትሮን አንደኛው ብቻ ሲያዋጣ የሚፈጠር ኬሚካዊ ትስስር ነው። ሰጪው በትስስር ያልተያዘ ጥንድ፣ ተቀባዩ ደግሞ ባዶ ኦርቢታል ሊኖራቸው ይገባል። በአሞኒያ ውስጥ ናይትሮጅን ከ3 ሃይድሮጅኖች ጋር ተሳስሮ አንድ ጥንድ ይተርፈዋል፤ ኤሌክትሮን አልባው የሃይድሮጅን አዮን ሲቀርበው ያንኑ ጥንድ ያጋራውና አሞኒየም ይፈጠራል። የሚያስደንቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው፦ 4ቱም ትስስሮች አንድ ዓይነት ስለሆኑ የትኛው በዚህ መንገድ እንደመጣ መለየት አይቻልም። በሥዕል ሲገለጽ ግን ከሰጪው ወደ ተቀባዩ ቀስት ይሰመራል።

ትስስሩ በደማችንም አለ። በሚገባ ካልነደደ ከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ በካርቦኑ ላይ ያለውን ጥንድ ለሄሞግሎቢን ብረት ይሰጣል፤ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ስለሚይዘውም ኦክስጅኑ ቦታ ያጣል። በተዘጋ ቤት የተቀመጠ የከሰል ምድጃ ሰው የሚገድለው በዚህ የተነሣ ነው።